ቤቴልጁስ መቼ ይፈነዳል? የእኛ ፀሐይስ?

ጥያቄ፦ «ልጄ 12 ዓመቷ ነው። ስልክ ላይ አንድ ቪዲዮ አየች። ቤቴልጁስ የሚባል ቀይ ኮከብ በቅርቡ ይፈነዳል፣ ሰማይ ላይ ሁለት ፀሐይ ይኖራል፣ ጨረሩም ምድርን ያቃጥላል ይላል። ከዚያ ወዲህ ማታ ውጭ መውጣት ፈርታለች። ታላቅ ወንድሟ ደግሞ ‹እሱ እኮ ድሮ ሞቷል፤ የምናያቸው ከዋክብት በሙሉ የሞቱ ናቸው› አላት። እውነቱ የቱ ነው? ኮከብ የሚሞተው እንዴት ነው? የእኛስ ፀሐይ እንዲህ ትፈነዳለች?» (አንድ አባት፣ ከአዳማ)

ምላሽ፦ ቪዲዮውም ወንድሟም ተሳስተዋል። ቤቴልጁስ አንድ ቀን መፈንዳቱ አይቀርም፤ እዚህ ላይ ቪዲዮው ልክ ነው። ግን ያ ቀን ከ100,000 ዓመት ገደማ በኋላ ሊሆን ይችላል። ሲፈነዳም ምድርን አያቃጥልም። ሁለተኛ ፀሐይም አይሆንም። የእኛ ፀሐይ ደግሞ ጭራሽ አትፈነዳም። ልጅዎ ዛሬ ማታ ይህን ሰምታ ትተኛ። ምክንያቱን ግን ቀስ ብለው ያስረዷት። ምክንያቱን ያወቀ ልጅ በሚቀጥለው ቪዲዮ አይደነግጥም።

ብዙ ሰው ኮከብን እንደ ትልቅ እሳት ያስበዋል። እሳት ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ኮከብ አይፈልግም። ኮከብ በራሱ ስበት ወደ መሃሉ የሚጨመቅ ግዙፍ የጋዝ ኳስ ነው። መሃሉ ሲጨመቅ ይግላል። የፀሐይ እምብርት 15 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። በዚህ ሙቀት የሃይድሮጅን አቶሞች እምብርት ለእምብርት ተጋጭተው ይዋሃዱና ሂሊየም ይሆናሉ። ፀሐይ ውስጥ በየሰከንዱ 600 ሚሊዮን ቶን ገደማ ሃይድሮጅን እንዲህ ይለወጣል። ከዚያ ውስጥ 4 ሚሊዮን ቶን ያህሉ ቁስ መሆኑ ቀርቶ ኃይል ሆኖ ይወጣል። ይህ ኃይል የሚፈጥረው ግፊት ወደ ውጭ ይገፋል፤ ስበት ደግሞ ወደ ውስጥ ይስባል። ሁለቱ እስከተመጣጠኑ ድረስ ኮከቡ ጸጥ ብሎ ይኖራል። የኮከብ ዕድሜ በሙሉ የእነዚህ የሁለቱ ትግል ነው። ስበት አይደክምም፤ ነዳጅ ግን ያልቃል።

ውልደቱን ለልጅዎ በዓይኗ ሊያሳዩዋት ይችላሉ። በታኅሣሥና በጥር ማታ ሰማይ ላይ ሦስት ከዋክብት በአንድ መስመር ተደርድረው ይታያሉ። የኦሪዮን መቀነት ይባላሉ። መጽሐፈ ኢዮብ ላይ ስሙ የተጠቀሰው ኦሪዮን ይኸው ነው። ከመቀነቱ ትንሽ ወደ ደቡብ ጭጋግ የመሰለች ደብዛዛ ነጥብ አለች። እሷ ኮከብ አይደለችም፤ የኦሪዮን ኔቡላ የምትባል የጋዝና የአቧራ ደመና ናት። 1,300 የብርሃን ዓመት ገደማ ትርቀናለች፤ አንድ የብርሃን ዓመት ብርሃን በዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው። እዚያ ውስጥ አሁን ከዋክብት እየተወለዱ ነው። ከዋክብት የሚወለዱት ከዜሮ በታች 260 ዲግሪ ከሚደርስ ቀዝቃዛ የጋዝና የአቧራ ደመና ነው። ቅዝቃዜው የግድ ነው፤ ሞቃት ጋዝ ይበተናል እንጂ አይሰበሰብም። የደመናው አንድ ክፍል በራሱ ስበት መሰብሰብ ሲጀምር ይጠባል፣ ይሽከረከራል፣ ይግላል። እምብርቱ 10 ሚሊዮን ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ውህደቱ ይጀምራል። ዙሪያውን የቀረው ጋዝና አቧራ ፕላኔቶች ሊሆን ይችላል። ምድራችንም የመጣችው ከእንዲህ ዓይነቱ ትርፍራፊ ነው። የተሰበሰበው ቁስ ከፀሐይ 8 በመቶ በታች ከሆነ ግን የሃይድሮጅኑ ውህደት ዘላቂ ሆኖ አይቀጥልም። ቡናማ ድንክ ይባላል፤ እየቀዘቀዘ ይኖራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ኮከብ እንዴት እንደሚኖርና እንዴት እንደሚሞት ከሞላ ጎደል የሚወሰነው ሲወለድ በያዘው መጠነ ቁስ ነው፤ በተለምዶ ክብደት የምንለው። ልጅዎ አንድ ነገር ብቻ እንድትይዝ ከፈለጉ ይህንን ትያዝ። ትልቅ ኮከብ ብዙ ነዳጅ ስላለው ረጅም ዕድሜ የሚኖር ይመስላል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ትልቁ ኮከብ ስበቱ ስለሚበረታ እምብርቱ አብዝቶ ይግላል፤ ነዳጁንም በማይታመን ፍጥነት ይጨርሳል። ቤቴልጁስ ከፀሐይ ከ15 እስከ 20 እጥፍ የሚደርስ ቁስ ይዞ እንደተወለደ ይገመታል። የሚያወጣው ብርሃን ግን ከፀሐይ በአሥር ሺዎች እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ፀሐይ 10 ቢሊዮን ዓመት ስትኖር እሱ በ10 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ያበቃለታል። ዳይኖሰሮች ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ሲጠፉ ቤቴልጁስ ገና አልተወለደም። ድንቅነሽ ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ሐዳር ላይ ስትራመድ ግን ነበር፤ ያኔ ቀይ አልነበረም እንጂ። በሌላው ጫፍ ደግሞ ትናንሾቹ ቀይ ድንኮች አሉ። ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ በጣም ቅርብ የሆነው ፕሮክሲማ ሴንታውሪ አንዱ ነው፤ 4.2 የብርሃን ዓመት ይርቃል። እነዚህ ነዳጃቸውን ቆጥበው በትሪሊዮን የሚቆጠር ዓመት ይኖራሉ። ዩኒቨርስ ራሱ 13.8 ቢሊዮን ዓመቱ ስለሆነ በእርጅና የሞተ ቀይ ድንክ እስካሁን የለም።

ፀሐይ አሁን 4.6 ቢሊዮን ዓመቷ ነው፤ ዕድሜዋ እኩሌታ ላይ ናት ማለት ይቻላል። ከ5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ እምብርቷ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ያልቃል። ያኔ እምብርቷ ይጨመቃል፣ ውጫዊ ክፍሏ ግን ይለጠጣል። ቀይ ግዙፍ ኮከብ ትሆናለች። ሜርኩሪንና ቬነስን ትውጣለች፤ ምድርንም ልትውጥ ትችላለች። ቀጥሎ ሂሊየሙ ወደ ካርቦንና ኦክስጅን ይለወጣል። ከዚያ በኋላ ግን ትቆማለች። ካርቦንን ለማዋሃድ የሚያስፈልገውን ሙቀት ለመፍጠር ክብደቷ አይበቃም። ውጫዊ ጋዟ ቀስ በቀስ ይበተንና ከቁሷ እኩሌታ ገደማ የሚሆነው፣ ምድርን የሚያክል ትንሽ ኳስ ሆኖ ይቀራል። ነጭ ድንክ የሚባለው ይህ ነው። ውህደት የለውም፤ በቀረው ሙቀት ብቻ እያበራ ለቢሊዮን ዓመታት ይቀዘቅዛል።

ለምን አይፈነዳም? ነጭ ድንክን ከመፈራረስ የሚይዘው የሙቀት ግፊት አይደለም፤ የኤሌክትሮኖች መጠቅጠቅ ነው። ኤሌክትሮኖች ከተወሰነ ልክ በላይ አይጨመቁም። ይህ ድጋፍ እስከ ምን ክብደት ድረስ እንደሚችል ያሰላው ሱብራማንያን ቻንድራሴካር የተባለ ህንዳዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 ለትምህርት ወደ እንግሊዝ በመርከብ ሲጓዝ ስሌቱን ጀመረ። ያኔ 19 ዓመቱ ነበር። ልኩ ከፀሐይ 1.4 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። መጀመሪያ ላይ በታላላቆቹ ዘንድ ተቀባይነት አጣ፤ የኖቤል ሽልማት ያገኘው በ1983 ነው። የፀሐይ ቅሪት ከዚህ ልክ በብዙ ያንሳል። አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ነጭ ድንክ አጠገቡ ሌላ ኮከብ ካለና ከእሱ ቁስ ከወሰደ ሊፈነዳ ይችላል። ፀሐይ ግን ብቻዋን ናት፤ ጓደኛ ኮከብ የላትም። ስለዚህ የፀሐይ ፍንዳታ የሚል ነገር ካዩ ይለፉት። ለምድር ሕይወት የሚያሳስበው ከዚያ በፊት የሚመጣው ነው፤ ፀሐይ ቀስ እያለች እየደመቀች ስለምትሄድ ከ1 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ውቅያኖሶች ይደርቃሉ። ያም ቢሆን ከሰው ልጅ ታሪክ አንጻር ሊታሰብ የማይችል ሩቅ ነው።

ቤቴልጁስ መንገዱ ሌላ ነው። ሃይድሮጅኑን ጨርሶ አሁን እምብርቱ ውስጥ ሂሊየም እያዋሃደ ነው። ውጫዊ ክፍሉ እጅግ ተለጥጧል። ፀሐይ ባለችበት ቦታ ብናስቀምጠው ምድርንና ማርስን ውጦ ወደ ጁፒተር አቅጣጫ ይዘልቅ ነበር። መቅላቱ አብዝቶ የጋለ ያስመስለዋል፤ በከዋክብት ዘንድ ግን ቀይ ማለት ቀዝቀዝ ያለ ነው። የቤቴልጁስ ገጽ 3,300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን የፀሐይ 5,500 ነው። እንዲህ የተለጠጠ ኮከብ ገጹን አጥብቆ መያዝ አይችልም። እሳት ላይ እንደተጣደ ወፍራም ሽሮ ይንተከተካል፤ አንዳንዴም ወደ ውጭ ይተፋል። ያ ሁሉ የዓለም ወሬ የተነሳውም ከዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ቤቴልጁስ መደብዘዝ ጀመረ። በየካቲት 2020 ብርሃኑ ወደ አንድ ሦስተኛ ዝቅ አለ። ያኔ «ሊፈነዳ ነው» ተባለ። በሃብል ቴሌስኮፕና ቺሊ ባለው ግዙፉ የአውሮፓ ቴሌስኮፕ የተሠሩ ጥናቶች ሌላ ነገር አሳዩ። ኮከቡ የተፋው ጋዝ ርቆ ሲቀዘቅዝ አቧራ ሆነ። የአቧራው ደመና በእኛና በኮከቡ መካከል ስለቆመ ጋረደን። ከጥቂት ወራት በኋላ ብርሃኑ ተመለሰ። መደብዘዙ ገጹ ላይ የሆነ ነገር እንጂ ከእምብርቱ የመጣ መልእክት አልነበረም።

ሁለተኛው የወሬ ምንጭ በ2023 የወጣ አንድ ጥናት ነው። ቤቴልጁስ ብርሃኑ በዙር ከፍ ዝቅ ይላል። አንዱ ዙር 400 ቀን ገደማ፣ ሌላው 2,100 ቀን ገደማ ነው። ጥናቱ ረጅሙን ዙር ኮከቡ በሙሉ የሚተነፍስበት ዋና ምት አድርጎ ወሰደው። ይህ ከሆነ ኮከቡ ካርቦኑን ሊጨርስ ነው፤ የቀረውም አሥርት ዓመታት ብቻ ሊሆን ይችላል አለ። ሌሎች ተመራማሪዎች ወዲያው መለሱ። ያ እንዲሆን ኮከቡ በቴሌስኮፕ ከተለካው መጠኑ በብዙ መብለጥ ነበረበት። አጭሩን ዙር ዋና ምት አድርገን ስንወስድ ግን ልኬቱ ይገጥማል፤ ሂሊየሙንም ገና አልጨረሰም። ረጅሙ ዙር ደግሞ አጠገቡ የሚዞር ትንሽ ጓደኛ ኮከብ የሚያመጣው ነው የሚል ግምት በ2024 ቀረበ። በ2025 ሃዋይ በሚገኘው የጄሚናይ ኖርዝ ቴሌስኮፕ የተነሳ ምስል ያንን ጓደኛ የሚጠቁም ምልክት አሳየ። እኔ ሁለተኛው ወገን ማስረጃው ይበልጥ ያሳምነኛል። ቪዲዮ ሠሪዎቹ ግን የመጀመሪያውን ጥናት ይዘው መልሱን ትተውታል።

ታዲያ ጊዜው ሲደርስ ምን ይሆናል? ሂሊየሙ ሲያልቅ ካርቦኑ ይቀጥላል፤ ለመቶዎች ቢበዛ ለሺህ ዓመት ያህል ይበቃዋል። ኦክስጅኑ በወራት ያልቃል። ሲሊከኑ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ብረት ይለወጣል። ብረት ላይ ሁሉም ነገር ይቆማል፤ ብረትን ማዋሃድ ኃይል ይበላል እንጂ አይሰጥም። ምድርን የሚያክለው የብረት እምብርት ድጋፉን ያጣና ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይደረመሳል። ቁሱ በጣም ተጠቅጥቆ ስፋቱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ኒውትሮን ኮከብ ይወጣዋል። የቀረው የኮከቡ አካል ወደ ውጭ ይወረወራል። ሱፐርኖቫ ይህ ነው። እጅግ ከባድ ከሆኑት ከዋክብት አንዳንዶቹ በኒውትሮን ኮከብ ሳይቆሙ ጥቁር ጉድጓድ ይሆናሉ፤ ለቤቴልጁስ የሚጠበቀው ግን ኒውትሮን ኮከብ ነው። ልጅዎ የምትተነፍሰው ኦክስጅን አብዛኛው ከእንዲህ ዓይነት ከባድ ከዋክብት የወጣ ነው። ሞታቸውን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ይንገሯት።

ይህ ሁሉ በግምት ብቻ የሚነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. የካቲት 1987 ከፀሐይ 20 እጥፍ ያህል የሚከብድ አንድ ኮከብ በአጎራባች ጋላክሲ ውስጥ ፈነዳ። ርቀቱ 168,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው፤ ሆኖም በዓይን ታየ። ብርሃኑ ከመታየቱ ከሁለት ሦስት ሰዓት በፊት ከመሬት በታች የተቀበሩ መሣሪያዎች ጃፓን፣ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ሃያ ምናምን ኒውትሪኖዎችን መዘገቡ። ኒውትሪኖ ከምንም ነገር ጋር እምብዛም የማይነካካ ቅንጣት ነው። እምብርቱ ሲደረመስ ወዲያው ያመልጣል፤ ብርሃን ግን የፍንዳታው ማዕበል ገጹ ላይ እስኪደርስ ይጠብቃል። ስለዚህ የቤቴልጁስ ፍንዳታ የመጀመሪያ ዜና የሚመጣው ከእነዚህ መሣሪያዎች ነው። እነሱን ያገናኘ የማንቂያ መረብ ዛሬም ይሠራል። ቀን ቆርጦ የሚናገር ሰው ካለ ያ ቀን ከየት እንደመጣ ይጠይቁት። ገጹን አይቶ እምብርቱ የትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ በዓመት ልክ መናገር ዛሬ የሚችል የለም።

ጉዳቱን በተመለከተ ዋናው ነገር ርቀት ነው። ሱፐርኖቫ የምድርን የኦዞን ሽፋን ክፉኛ እንዲጎዳ ከ50 የብርሃን ዓመት ገደማ በታች መቅረብ አለበት። ቤቴልጁስ ከ500 እስከ 700 የብርሃን ዓመት ይርቃል። ርቀት አሥር እጥፍ ሲጨምር የሚደርሰን ጨረር መቶ እጥፍ ይቀንሳል። የምናየው ግማሽ ጨረቃን የሚያክል ድምቀት ያላት አንዲት ነጥብ ነው። ቀን ሳይቀር ትታያለች። ለሦስት ወር ያህል ደምቃ ትቆይና ትደበዝዛለች። ሙቀት አትሰጥም፤ ሌሊቱንም ቀን አታደርገውም። የሰው ልጅ ይህን የመሰለ ነገር አይቶ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1054 የቻይና የሰማይ ተመልካቾች የመዘገቡት ሱፐርኖቫ 23 ቀን በጠራራ ፀሐይ ታይቷል። ቅሪቱ ዛሬ ክራብ ኔቡላ ይባላል። መሃሉ ላይ ያለው ኒውትሮን ኮከብ በሰከንድ 30 ጊዜ ይሽከረከራል። ያኔ ምድር ላይ የተጎዳ የለም።

ወንድሟ ያለው ግማሹ ትክክል ነው። ብርሃኑ ወደ እኛ ሲደርስ መቶዎች ዓመታት አልፈውታል። ስህተቱ ከዚህ ተነስቶ «ሞቷል» ማለቱ ነው። በዓይን የምናያቸው ከዋክብት አብዛኞቹ በጥቂት ሺህ የብርሃን ዓመት ውስጥ ናቸው። ዕድሜያቸው ደግሞ በሚሊዮንና በቢሊዮን ዓመት ይቆጠራል። ስለዚህ ዛሬ ማታ የሚያዩአቸው ከሞላ ጎደል ሁሉም በሕይወት አሉ። ሊሞት የተቃረበው ቤቴልጁስ እንኳ፣ 700 ዓመትን ለ100,000 ዓመት ብናካፍል፣ አሁን የመሞቱ ዕድል ከ1 በመቶ በታች ነው።

እንግዲህ የምመክርዎት ቪዲዮ በመከልከል ብቻ እንዳያልፉት ነው። ልጅዎን ውጭ ይዘዋት ይውጡና ኮከቡን ራሷ ትከታተለው። እዚህ እኛ ሀገር ለዚህ የተመቸ ቦታ ነው። ቤቴልጁስ በአዳማም በአዲስ አበባም ሰማይ ላይ ከፍተኛው ቦታ ሲደርስ ልክ ከአናት በላይ ይሆናል። በጥምቀት ሰሞን ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ በየካቲት አጋማሽ ደግሞ 2 ሰዓት ገደማ ቀና ብለው ያዩታል። ከመቀነቱ በስተሰሜን ያለው ቀላ ያለ ደማቅ ኮከብ እሱ ነው። ከመቀነቱ በስተደቡብ ያለው ሰማያዊ ነጭ ኮከብ ራይጄል ነው። በስተምዕራብ ደግሞ ሌላ ቀላ ያለ ኮከብ አለ፤ አልደባራን ይባላል። ቤቴልጁስ በደህና ጊዜው ከራይጄል ትንሽ ይደበዝዛል፣ ከአልደባራን ትንሽ ይደምቃል። ከመቀነቱ በስተሰሜን ከቤቴልጁስ ጎን የሚታየው ሌላው ኮከብ ቤላትሪክስ ነው፤ በየካቲት 2020 ቤቴልጁስ ወርዶ ከእሱ እኩል ሆኖ ነበር።

ጨረቃ በሌለችበት ምሽት፣ በሳምንት አንዴ፣ «ዛሬ ከአልደባራን ይበልጣል፣ እኩል ነው፣ ያንሳል» ብላ ደብተሯ ላይ ቀኑን ጨምራ ትጻፍ። በመሃል ኮከብ ሲወረወር ካየች አትደንግጥ፤ እሱ ኮከብ አይደለም፣ አየር ውስጥ ገብቶ የሚነድ የአሸዋ ቅንጣት የሚያክል አቧራ ነው። ባይኖኩላር ካለዎት ለኔቡላዋ ይጠቅማል፤ በቀን ግን ወደ ፀሐይ አቅጣጫ በፍጹም እንዳታዞረው፣ ዓይን ያጠፋል። ከዋክብቱን ስታወዳድር ደግሞ ቀዩ ላይ ዓይኗን አትትከል። ቀይ ኮከብ ላይ ሲያፈጥጡ ከእውነቱ በላይ የደመቀ ይመስላል፤ ፈጠን ብላ ከአንዱ ወደ ሌላው ትመልከት።